ፋርማሲስት ለመሆን፦ መንገዱን ከመጨረሻው እንየው



ስለ ሙያ ምርጫ በተነጋገርንባቸው ክፍሎች ሁሉ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ፋርማሲስት ለመሆን ምን መማር ያስፈልጋል? ስንት ዓመት ይፈጃል? ለእኛ ለስደተኞችስ ይሆናል ወይ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። አገር ቤት እያሉ በመድኃኒት መደብር የሠሩ፣ አሁን በካምፑ ክሊኒክ በኢንሴንቲቭ የሚያገለግሉ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም ወላጆች ይጠይቁናል። ስለዚህ በዚህ እትም ጉዳዩን ዘርዘር አድርገን ልናቀርበው ወደድን።

መልሱን በአጭሩ እናስቀድም። ይቻላል፤ ግን ረጅም ነው። በመንገዱ ላይም ገንዘብና ዓመት የሚበሉ የተሳሳቱ መታጠፊያዎች አሉ። አብዛኞቻችን መንገዱን የምናየው ከዚህኛው ጫፍ ነው፤ «የትኛው ኮሌጅ ይቀበለኛል?» ብለን እንጀምራለን። እኛ ግን ከዚያኛው ጫፍ ጀምሩ እንላለን። መጨረሻ ላይ ስማችሁን በሙያው መዝገብ ላይ የሚጽፈው ማን ነው? ምን ዓይነት ወረቀት ሲያይ ነው የሚጽፈው? ይሄን ቀድሞ ያወቀ ተማሪ ዛሬ የትኛውን የትምህርት ዓይነት አጥብቆ መያዝ እንዳለበትም ያውቃል።

አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የምንናገረውም ኬንያ ውስጥ ስላለው አሠራር ነው፤ ማለትም ካኩማ፣ ካሎበዬና ዳዳብ ላላችሁ።

ሙያው መድኃኒት መሸጥ ብቻ ነው?

ኬሚስት ቤት ስንገባ የምናየው አንድ ሰው ከመደርደሪያ ካርቶን አውርዶ ብር ሲቀበል ነው። ታዲያ ለዚህ አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ ለምን አስፈለገ? እስቲ በየቀኑ በአካባቢያችን የሚያጋጥሙ ጥቂት ነገሮችን እንመልከት።

አንዲት ነፍሰ ጡር እህት ከክሊኒክ የአይረን ክኒን ተሰጥቷት ቤቷ ትመለሳለች። ቤት ስትደርስ ቡና ተፈልቷል። ክኒኑን በአቦል ቡና ትውጠዋለች። ቡናም ሆነ ሻይ ሰውነት ከአይረኑ የሚያገኘውን መጠን ይቀንሱታል። እህታችን ክኒኑን ለወራት ሳታቋርጥ ወስዳም ደሟ እንደሚጠበቀው ላይሞላ ይችላል። ፋርማሲስቱ «ክኒኑን በውኃ ውሰጂው፤ ቡናውን ከሰዓት በኋላ ለብቻው ጠጪው» ቢላት ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር። ይሄን ለማለት የአይረንን ኬሚስትሪም፣ የሰዎቹን አኗኗርም ማወቅ ይጠይቃል።

ሁለተኛው የወባ መድኃኒት ነው። ኮአርተም በሚል ስም የምናውቀው መድኃኒት በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ይወሰዳል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ ከዚያ ጠዋትና ማታ ይሆናል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል። ብዙ ሰው ግን በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲወርድለት የቀረውን ክኒን «ለወንድሜ ይሆናል» ብሎ ያስቀምጣል። ያልሞተው የወባ ተሕዋስ ደግሞ በደሙ ውስጥ ይቀራል። ይሄን በሽተኛው በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛ ይሁን በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ይሁን በኪስዋሂሊ አስረድቶ መሸኘት የሙያው አካል ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። የካኩማን ፀሐይ ሁላችንም እናውቃታለን። ብዙ መድኃኒቶች ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲቀመጡ ማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ስንት ይደርሳል? በዚያ የከረመ መድኃኒት ቀለሙና ሽታው ሳይለወጥ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ማሸጊያው ደህና ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ይሄን የሚከታተለው ፋርማሲስቱ ነው።

አራተኛው ሒሳብ ነው። ለልጅ የሚሰጥ ፓራሲታሞል በአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ይሰላል። ልጁ 12 ኪሎ ቢመዝንና በኪሎ 15 ሚሊግራም ቢታዘዝለት በአንድ ጊዜ 180 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ሽሮፑ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም ካለው ልጁ ስንት ሚሊሊትር ይጠጣል? መልሱ 7.5 ነው። አንድ ዜሮ ወይም አንድ ነጥብ ብትዛነፍ ሕፃን ትጎዳለች። ለዚህ ነው ሒሳብ የማይወድ ተማሪ «እኔ ባዮሎጂ ብቻ ይበቃኛል» ብሎ ወደ ፋርማሲ መሄድ የማይችለው። (ስሌቱን ያቀረብነው ለክፍል ትምህርት ነው። ልጅ ሲታመም ክሊኒክ ውሰዱት።)

በዩኒቨርሲቲ ደረጃ እነዚህ ነገሮች የየራሳቸው ስም አላቸው። መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን የሚያጠናው ፋርማኮሎጂ ነው። ክኒን፣ ሽሮፕና ቅባት እንዴት እንደሚዘጋጁ የሚያስተምረው ፋርማሲዩቲክስ ይባላል። የመድኃኒቱን ንጥረ ነገር የሚመረምር ፋርማሲዩቲካል ኬሚስትሪ አለ። ከዕፅዋት የሚገኙ መድኃኒቶችን የሚያጠናው ደግሞ ፋርማኮግኖሲ ነው። ዕፅዋት ካልን አይቀር፣ እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡበትን እንዶድ እናስታውስ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ አካባቢ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው እንዶድን መመርመር ጀመሩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድልም አረጋገጡ። ለዚህ ሥራ በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ሳይንስ ከደጃችን እንደሚጀምር ይሄ ጥሩ ማሳያ ነው።

ከመጨረሻው እንጀምር፦ መዝገቡ

በኬንያ የመድኃኒትን ሥራ የሚቆጣጠረው መንግሥታዊ አካል የፋርማሲና የመርዞች ቦርድ ይባላል፤ በአጭሩ ፒፒቢ። ባለሙያዎችን የሚመዘግበው፣ ማሠልጠኛ ተቋማትን የሚያጸድቀው፣ ለኬሚስት ቤቶችም ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው። በየዓመቱ የሚታደስ የሥራ ፈቃድ አለ፤ ፈቃድ ያለው ቤትም ወረቀቱን ሰው በሚያየው ቦታ ይሰቅላል።

ቦርዱ የሚያውቃቸው ሁለት የሙያ ደረጃዎች ናቸው።

አንደኛው ፋርማሲስት ነው፤ የፋርማሲ ዲግሪ ያለው።
ሁለተኛው ፋርማሲዩቲካል ቴክኖሎጂስት ነው፤ የፋርማሲ ዲፕሎማ ያለው። በየሆስፒታሉ «ፋርምቴክ» ሲባል የምትሰሙት ማለት ነው።

ወደ መዝገቡ የሚያስገቡት በሮች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ከዚህ በታች አንድ በአንድ እናያቸዋለን።

የመጀመሪያው በር፦ ዲግሪ

የፋርማሲ ባችለር ዲግሪ በኬንያ 5 ዓመት ነው። በኢትዮጵያም እንዲሁ 5 ዓመት ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ለረጅም ጊዜ በመስጠት ይታወቃል። ኬንያታ ዩኒቨርሲቲና ጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ያስተምራሉ። ከግሎቹ ውስጥ ማውንት ኬንያ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። ማንኛውንም ዩኒቨርሲቲ ከመምረጣችሁ በፊት የፋርማሲ ፕሮግራሙ በቦርዱ የጸደቀ መሆኑን ጠይቁ።

ከምረቃ በኋላ ወዲያው ሥራ አይጀመርም። ተመራቂው በተፈቀደለት ሆስፒታል 1 ዓመት ኢንተርንሺፕ ይሠራል። የቦርዱን መመዘኛ አሟልቶ ይመዘገባል፣ ከዚያ ፈቃድ ያወጣል። እንግዲህ 5 እና 1 ስንደምር 6 ዓመት መሆኑ ነው። ቤተሰብ በጀት ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ አምስቱን ይቆጥርና ስድስተኛውን ይረሳል። በስድስተኛው ዓመትም ኪራይ፣ ምግብና ትራንስፖርት አለ። ስደተኛ ተማሪ ያንን ዓመት አበል እንደማያገኝበት አድርጎ ቢያስብ ይሻለዋል፤ ካገኘ እሰየው።

ለመግቢያ በ12 ነጥብ በሚለካው የኬሲኤስኢ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚጠየቀው ዝቅተኛ አማካይ ሲ ፕላስ ነው። ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ፣ እንዲሁም እንግሊዝኛ ወይም ኪስዋሂሊ ለየብቻቸው ይታያሉ። ግን አንሸንግላችሁ፤ ሲ ፕላስ በሩን ለማንኳኳት ነው። ፋርማሲ በጣም ከሚፈለጉ ትምህርቶች አንዱ ስለሆነ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ኤ እና ኤ ማይነስ አካባቢ ያመጡ ናቸው። በግል ዩኒቨርሲቲ ውድድሩ ይቀላል፤ ክፍያው ግን በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሺሊንግ ነው።

ሁለተኛው በር፦ ዲፕሎማ

የፋርማሲ ዲፕሎማ 3 ዓመት ነው። በሰፊው የሚታወቀው ተቋም ኬኤምቲሲ የሚባለው የኬንያ ሕክምና ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በብዙ ከተሞች ካምፓሶች ቢኖሩትም ሁሉም ካምፓስ ሁሉንም ትምህርት አይሰጥም። ከማመልከታችሁ በፊት ፋርማሲ የሚሰጠው የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። የሚጠየቀው አማካይ ውጤት ሲ ሲሆን በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂ፣ በሒሳብ ወይም በፊዚክስና በቋንቋ የተወሰነ ውጤት ይፈለጋል። ዝርዝሩን ኮሌጁ በየዓመቱ በሚያወጣው ማስታወቂያ ላይ ታገኙታላችሁ።

አንዳንድ ተማሪዎች ዲፕሎማን እንደ ውድቀት ያዩታል። «ዲግሪ ካልሆነ ይቅርብኝ» የሚል ሰምተናል። እኛ በዚህ አንስማማም። ፋርምቴክ በሆስፒታልም በኬሚስት ቤትም መድኃኒት የሚያድል፣ ስሙ በመዝገብ ያለ ባለሙያ ነው። ትምህርቱ በ3 ዓመት ያልቃል፣ ወጪው ያንሳል። ከጥቂት ዓመት ሥራ በኋላ ደግሞ በዲፕሎማው ለዲግሪ ማመልከት ይቻላል። ከመሰላሉ የመጀመሪያውን ደረጃ ረግጦ የሚወጣ ሰው ከታች ቆሞ ጣሪያውን ከሚያይ ይሻላል። በሌላ በኩል ውጤቱ ከፍተኛ የሆነና የስኮላርሺፕ ዕድል ያለው ተማሪ ቶሎ ደመወዝ ለማግኘት ብቻ ብሎ ዲግሪውን ባይተው እንመክራለን። ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤተሰብ ጋር ተመካከሩበት።

በር የሚመስል ግድግዳ

አሁን ብዙ ሰው ወደሚጎዳበት ነገር እንምጣ። በየከተማው ግድግዳና በየስልኩ «ፋርማሲ በ3 ወር»፣ «በ6 ወር ሰርተፍኬት» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይታያሉ። ዋጋቸው ከዲፕሎማ ያነሰ ስለሆነ ራሽኑን ሸጦ፣ ከውጭ ዘመድ አስልኮ የሚከፍል ቤተሰብ አለ። መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ያማረ ወረቀት፣ የምረቃ ፎቶና ነጭ ጋውን ነው።

የቦርዱ መዝገብ ግን የሚጀምረው ከዲፕሎማ ነው። አጭር ኮርስ የወሰደ ሰው መድኃኒት ስለ ማስቀመጥ ወይም ስለ መዝገብ አያያዝ ጥሩ ነገር ሊማር ይችላል። ለክሊኒክ ረዳትነት ሊጠቅመው ይችላል። ባለፈቃድ ባለሙያ ግን አያደርገውም። በዚያ ወረቀት ኬሚስት ከፍቶ ሲሠራ የተገኘ ሰው ሕግ ጥሷል፤ ስደተኛ ሲሆን ደግሞ መዘዙ ይበዛል። ከቅጣቱም በላይ የሚከብደው የሰው ሕይወት ነው። ጎረቤት አምኖ ልጁን ይዞ ይመጣል፤ የተሳሳተ መጠን የተሰጠው ልጅ አይመለስም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ተቋሙን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት። «ይሄን ጨርሼ ስሜን በፒፒቢ መዝገብ ላይ ማስመዝገብ እችላለሁ ወይ?» በሉት። መልሱ የተድበሰበሰ ከሆነ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። መልሱ «አዎ» ከሆነም ቦርዱ በድረ ገጹ ካወጣቸው የታወቁ ተቋማት ዝርዝር ጋር አስተያዩት። ኢንተርኔት የሌላችሁ የፕሮጀክታችንን የሙያ መምህራን ጠይቁ፤ አብረን እናያለን።

አሁን ወደ ክፍላችን እንመለስ

መጨረሻውን ካየን የመጀመሪያው ግልጽ ይሆናል። ሁለቱም በሮች የሚከፈቱት በአንድ ቁልፍ ነው፤ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሒሳብ።

የኬንያ የትምህርት ሥርዓት በመለወጥ ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሮጌው 8-4-4 የሚባለው ሥርዓት እየተሸኘ ነው። የመጨረሻው የኬሲፒኢ ፈተና የተሰጠው በ2023 ነበር። በ2024 ፎርም 1 የገቡት የዚያ ሥርዓት የመጨረሻ ልጆች ናቸው፤ በ2027 ኬሲኤስኢን እንዲፈተኑ ፕሮግራም ተይዟል። ከእነሱ በኋላ ያሉት በአዲሱ ሥርዓት በ2026 10ኛ ክፍል ገብተዋል። እነዚህ ሦስት መስመሮች ቀርበውላቸዋል፤ ስቴም የሚባለው የሳይንስና ሒሳብ መስመር፣ የማኅበራዊ ሳይንስ መስመር፣ እንዲሁም የኪነ ጥበብና ስፖርት መስመር። ፋርማሲ ያለው በስቴም ውስጥ ነው። በስቴም ውስጥም ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ያላካተተ ጥምረት የመረጠ ተማሪ በሩን በራሱ እጅ ዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ 9ኛ ክፍል ያላችሁ ልጆች፣ መስመር የምትመርጡበት ቅጽ ሲመጣ ጓደኛችሁ የመረጠውን ዝም ብላችሁ አትገልብጡ።

ፎርም 3 እና 4 ላላችሁ የትምህርት ዓይነት ምርጫው ያለፈ ነገር ነው። የቀረው ውጤት ነው። ኬሚስትሪም ባዮሎጂም ሦስተኛው ወረቀታቸው የተግባር ፈተና መሆኑን አትርሱ። ብዙ የካምፕ ተማሪ በንባብ ጎበዝ ሆኖ ቡሬት፣ ቢከርና ፒፔት ሲያይ ይደነግጣል። ታይትሬሽን በዓመት አንድ ጊዜ ያየ ተማሪ በፈተና ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል። ላብራቶሪ ሲከፈት ከኋላ አትቁሙ፤ እጃችሁን አስገቡ።

ስለ ሴት ተማሪዎች አንድ ነገር እንበል። ታችኛው ክፍል ላይ በሳይንስ ከወንዶቹ እኩል የነበሩ ልጃገረዶች ከፍ ሲሉ ይመናመናሉ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የውኃ ወረፋ፣ የማገዶ፣ የታናናሾች ጣጣ፣ አንዳንዴም ጋብቻ። ፋርማሲ ጉልበት የማይጠይቅ፣ ሴቶች በብዛት የሚሠሩበት ሙያ ነው። ከእናቶች ጋር ስለ እርግዝና መከላከያና ስለ ጡት ማጥባት በግልጽ የሚነጋገር ባለሙያም ይፈልጋል። ወላጆች ሆይ፣ ማታ ማታ አንዲት ሰዓት ለንባብ ብትተዉላት ትልቅ ስጦታ ነው።

አገር ቤት ለተማራችሁ

ኢትዮጵያ ውስጥ 12ኛን የጨረሳችሁ ወይም በድራጊስትነትና በፋርማሲ ሙያ የተመረቃችሁ፣ ማስረጃችሁ ኬንያ ውስጥ ከምን ጋር እንደሚመዛዘን ማስወሰን አለባችሁ። ይሄን ከሚሠሩት መንግሥታዊ አካላት አንዱ ኬኤንኪውኤ የሚባለው ብሔራዊ የብቃት ባለሥልጣን ነው። ዋናው ሰርተፍኬትና ትራንስክሪፕት ያስፈልጋል። ወረቀታችሁ አማርኛ ከሆነ ሕጋዊ ትርጉም ይጨመራል። በሙያው የተመረቀ ሰው ከዚህ ሌላ ከቦርዱ ጋርም ጉዳይ አለው። ውጭ አገር ለተማረ አመልካች ቦርዱ የሚጠይቀውን ዝርዝር በቀጥታ ከራሱ ጠይቁ፤ በወሬ አትሂዱ።

ስማችሁን ነገር አደራ! ማኒፌስት ላይ «መሐመድ» በአንድ ፊደል፣ ሰርተፍኬት ላይ በሌላ ፊደል ከተጻፈ፣ ወይም የአያት ስም በአንዱ ኖሮ በሌላው ከሌለ፣ ኋላ ላይ «ሁለት ሰው ነህ» ትባላላችሁ። ለኬሲኤስኢ ስትመዘገቡ ስማችሁ በስደተኛ ወረቀታችሁ ላይ ባለው መሠረት ፊደል በፊደል መጻፉን አይታችሁ ፈርሙ። ፈተናው ካለፈ በኋላ ማስተካከል በጣም አድካሚ ነው።

ሕጉና ወረቀቱ

«ብማርስ መቼ ያሠሩኛል?» የሚለው ጥያቄ ተስፋ ያስቆርጣል። ስለዚህ ሕጉ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል። የኬንያ የ2021 የስደተኞች ሕግ፣ ስደተኛ በኬንያ ሥልጣን ያለው አካል ያወቀለት የሙያ ብቃት ካለው በሙያው የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንግዲህ «ሥልጣን ያለው አካል ያወቀለት» የሚለውን ሐረግ አስተውሉ። ሕጉ ራሱ ወደ መዝገቡ ይመልሰናል። የታወቀ ዲፕሎማ ያለው ሰው ይሄን አንቀጽ ይዞ መጠየቅ ይችላል፤ የ3 ወር ወረቀት ያለው አይችልም።

ከመብቱ ወደ ተግባሩ ያለው መንገድ ግን ሊያጉላላ ይችላል። ለሥራ ለስደተኛ የሚሰጥ ክላስ ኤም የሚባል ፈቃድ አለ፤ ክፍያ አይጠየቅበትም፣ ግን ማመልከቻው ጊዜ ይወስዳል። ከካምፕ ወጥቶ ለመማር ከስደተኞች አገልግሎት መምሪያ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ያስፈልጋል። የኮሌጁን የቅበላ ደብዳቤ እንዳገኛችሁ በዚያው ሳምንት ሂደቱን ጀምሩ። መዝገባ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚሯሯጥ ተማሪ ዓመቱን ያጣል።

ገንዘቡስ ከየት?

ለኬንያ ዜጎች የተዘጋጀው ሄልብ የሚባለው የመንግሥት የትምህርት ብድር ለእኛ አይሆንም። ስለዚህ ሌላ አማራጭ ማየት ያስፈልጋል።

ዳፊ የምንለው በአልበርት አይንስታይን ስም የሚጠራው የጀርመን መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። በ1992 ተጀምሮ በዩኤንኤችሲአር አማካይነት ስደተኞችን ባሉበት አገር በዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ስኮላርሺፖች የትምህርት ርዝመትና የዕድሜ ገደብ ሊኖራቸው ይችላል። ፋርማሲ ከብዙ ዲግሪዎች በአንድ ዓመት ስለሚረዝም ከማመልከታችሁ በፊት ይሸፈን እንደሆነ ጠይቁ። በ2025 የርዳታ ገንዘብ በእጅጉ ስለቀነሰ በየቦታው ውድድሩ ጠንክሯል። አንድ ስኮላርሺፕ ብቻ አምኖ መቀመጥ አያዋጣም።

ውስክ የምንለው የካናዳ ፕሮግራም ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን ወደ ካናዳ ዩኒቨርሲቲዎች ወስዶ እዚያው ያሰፍራል። እዚያ የፋርማሲ ትምህርት ፋርምዲ ይባላል። ከእሱ በፊት በዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ኮርሶችን መውሰድ የተለመደ ስለሆነ ዕድሉ የደረሰው ተማሪም የሚጠቅመው ያው የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ውጤቱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ቤተሰብ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ «ልርዳ» ሲል የመጀመሪያውን ሴሚስተር ብቻ አታሳዩት። የሦስቱን ወይም የስድስቱን ዓመት ሒሳብ ጽፋችሁ ላኩለት። ሁለተኛ ዓመት ላይ በክፍያ እጥረት የተቋረጠ ትምህርት ከፋዩንም ተማሪውንም ይሰብራል። ሙሉውን መሸከም ካልተቻለ ዲፕሎማው መቅደም አለበት ማለት ነው።

ከምዝገባ በኋላ የት ይሠራል?

በሆስፒታል፣ በኬሚስት ቤት፣ በጅምላ መድኃኒት አከፋፋይ፣ በፋብሪካ፣ በመድኃኒት ጥራት ምርመራና በርዳታ ድርጅቶች የመድኃኒት አቅርቦት ክፍል ይሠራል። በመንግሥት ተቋማት ቅጥር በአብዛኛው ዜጎች ስለሚቀድሙ ስደተኛ ተመራቂ ዐይኑን በግሉ ዘርፍና በድርጅቶች ላይ ቢጥል ይሻላል። ወደ አገሩ የሚመለስ ወይም ወደ ሦስተኛ አገር የሚሄድ ሰው ደግሞ በታወቀ ተቋም ያገኘውን ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ ይዞ ይሄዳል። እዚያ ተጨማሪ ፈተና ይጠብቀው ይሆናል፤ ግን ከዜሮ አይጀምርም።

ለመምህራን

ውድ መምህራን፣ እናንተ የምትችሉት ብዙ ነው።

- ከላይ ያቀረብነውን የሽሮፕ ስሌት ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተጠቀሙበት። ተማሪዎች የራሳቸውን ጥያቄ በተለያየ ክብደት ያውጡ።
- ኬሚካል ባይኖርም ታይትሬሽኑን በቅደም ተከተል አሳዩ። በውኃና በሲሪንጅ መለካት መለማመድ እጅን ያፍታታል።
- አንድ ቀን የክሊኒኩን ፋርምቴክ ጋብዙ። ተማሪ ሙያውን ከሚሠራ ሰው ሲሰማው ያምናል።
- መስመር ወይም የትምህርት ዓይነት የሚመረጥበት ጊዜ ከመድረሱ በፊት ወላጆችን ሰብስባችሁ ተነጋገሩ። ቅጹ ከተሞላ በኋላ ምክር ዋጋ የለውም።

ከመክፈላችሁ በፊት የሚጠየቁ

ይሄን ገጽ ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ደስ ይለናል።

1. ተቋሙና ትምህርቱ በፒፒቢ የታወቁ ናቸው?
2. ስጨርስ የምመዘገበው በምን ደረጃ ነው? ፋርማሲስት ወይስ ቴክኖሎጂስት?
3. ጠቅላላ ወጪው ኢንተርንሺፑን ጨምሮ ስንት ነው? ማን ይከፍለዋል?
4. ዜጋ ያልሆነ ተማሪ ተጨማሪ ክፍያ ወይም ወረቀት ይጠየቃል?
5. ስሜ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ነው?
6. የመንቀሳቀሻ ፈቃዱን ከመቼ ጀምሬ ልጠይቅ?

ስድስቱንም በጽሑፍ መመለስ የቻለ ተማሪ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ያልቻለ ደግሞ ገና ብር አልከፈለምና አልከሰረም፤ መጥቶ ይጠይቀን። የምክር ሰዓታችን በትምህርት ቤቶች ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። በሚቀጥለው እትም ስለ ክሊኒካል ኦፊሰርነትና ስለ ነርስነት እናቀርባለን፤ ጥያቄ ያላችሁ ከአሁኑ ጽፋችሁ ለክፍል ኃላፊዎቻችሁ ስጡ።

መልካም የጥናት ጊዜ ይሁንላችሁ!